ስሙ ፍየል፣ ትርጉሙ ጀግና፦ የእንግሊዝኛ የአራዳ ቃላት በየዘመኑ

የቀነኒሳ በቀለ ፎቶ በማኅበራዊ መገናኛ ሲወጣ ከሥሩ የፍየል ሥዕል የሚደረድር አድናቂ አይጠፋም። የማቴዎስ ወንጌልን እየሰማ ላደገ ሰው ነገሩ ግር ያሰኛል፤ በጎቹ በቀኝ፣ ፍየሎቹ በግራ የሚቆሙበት ምዕራፍ የፍየልን ዕጣ ከወሰነው ቆይቷል። በእንግሊዝኛም ቢሆን ፍየል ለረጅም ጊዜ የክብር ስም አልነበረም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአሜሪካ ቤዝቦል ተመልካቾች «ጎት» ወይም ፍየል የሚሉት በራሱ ስሕተት ጨዋታውን ያስበላውን፣ የቡድኑን ሽንፈት ብቻውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ የሚገባውን ተጫዋች ነበር። የዚህ አነጋገር ሥር በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 የሕዝቡ ኃጢአት ተጭኖበት ወደ ምድረ በዳ የሚሰደደው ፍየል ነው።

ታዲያ የተሰደደው ፍየል በምን መንገድ ተመልሶ ዙፋን ላይ ወጣ? ቦክሰኛው መሐመድ አሊ ከሁሉ የምበልጠው እኔ ነኝ እያለ መፎከር ይወድ ነበር። በ1992 ባለቤቱ ሎኒ አሊ የባሏን ስም የሚያስተዳድር ድርጅት ስታቋቁም «የዘመናት ሁሉ ታላቅ» የሚለውን ሐረግ የሚመሠርቱትን የአራት የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ለድርጅቱ ስም አደረገች። ፊደላቱ ሲገጣጠሙ «ጎት» ይሆናሉ። በ2000 ራፐሩ ኤል ኤል ኩል ጄ አልበሙን በዚሁ ምህጻረ ቃል ሰየመው፤ ከዚያ በኋላ ስፖርቱ ተቀበለው፣ ስልኩም ሥዕሉን ጨመረበት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶችና ቀኖች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እንግዲህ አንድ የሰባ ዓመት የቤዝቦል ወዳጅና አሥራ አምስት ዓመት የሞላው የልጅ ልጁ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ተጫዋች «ፍየል ነው» ቢሉ፣ አንዱ እየረገመው ሌላው እያመሰገነው ሊሆን ይችላል።

የእንግሊዝኛ የአራዳ ቃል፣ ማለትም ስላንግ፣ የሚያደናግረው በዚህ ምክንያት ነው። «ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ነው። መቼ የተባለ ነው? ማን ነው ያለው? ለማን? እነዚህ ካልተመለሱ መዝገበ ቃላቱ ቢገለጥም መልሱ አይገኝም።

ስላንግ የሚወለደው በቃላት እጥረት አይደለም። እንግሊዝኛ ለገንዘብ፣ ለመጠጥ፣ ለስካር፣ ለፖሊስ፣ ለቂልና ለቆንጆ ከበቂ በላይ ቃል አለው፤ ሆኖም አዲሱ የሚፈላው በእነዚሁ ጉዳዮች ላይ ነው። እያንዳንዱ አዲስ ቡድን፣ ሌባውም፣ ወታደሩም፣ ሙዚቀኛውም፣ ተማሪውም፣ የእኔ ነው የሚለውን ሰው ከሌላው የሚለይበት ድምፅ ይፈልጋል። ቃሉ መልእክት ከማድረሱ በፊት ተናጋሪው ከየት ወገን እንደሆነ ይናገራል።

የእንግሊዝን የሌቦችና የተንከራታቾች ቃላት ቀድመው ከመዘገቡት አንዱ በ1560ዎቹ የኖረው የኬንት ባላባት ቶማስ ሃርማን ነው። ደጁ የሚመጡትን ለማኞች እያቆመ ይመረምር ነበር። ቋንቋቸው አስደንቆት አይደለም፤ ጨዋው ሕዝብ እንዳይታለል ለማስጠንቀቅ ነው። ቤትን «ኬን»፣ መጠጥን «ቡዝ» እንደሚሉ ጻፈ። ኬን ጠፍቷል። ቡዝ ግን አጻጻፉን ትንሽ ለውጦ ዛሬም በለንደንና በኒውዮርክ መጠጥ ቤቶች ይሰማል። የሚገርመው ከአራት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ኖሮም መደበኛ ቃል ለመሆን አለመብቃቱ ነው፤ ዛሬም በሐኪም የምስክር ወረቀት ላይ አይጻፍም። በአገራችንም አዝማሪዎችና ላሊበላዎች ባለቤቱ እየሰማቸው እርስ በርስ የሚግባቡባቸው የራሳቸው ቃላት እንዳሏቸው ቮልፍ ሌስላውን የመሰሉ የቋንቋ ሊቃውንት መዝግበዋል። ሙያው ቢለያይም ፍላጎቱ ያው ነው።

በዚህ ረገድ የለንደን ምሥራቅ ሰፈር ሰዎች የፈጠሩትን በቤት መምታት የሚሠራ ስውር አነጋገር የሚያህል ብልሃት አላየሁም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ በገበያተኞችና በቀን ሠራተኞች ዘንድ የታየ ሲሆን፣ ጆን ካምደን ሆተን በ1859 ባወጣው የስላንግ መዝገበ ቃላት ውስጥ ይገኛል። አሠራሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። ማየት በእንግሊዝኛ «ሉክ» ነው። ከሉክ ጋር ቤት የሚመታ ሐረግ ይፈለጋል፤ «ቡቸርስ ሁክ»፣ የሥጋ ሻጭ መንጠቆ። ሁክና ሉክ ቤት መቱ። ጨዋታው እዚህ ላይ ቢያበቃ ማንም ይደርስበት ነበር፤ ለንደኖቹ ግን ቤት የሚመታውን ቃል ቆርጠው ይጥሉታል። የሚቀረው «ቡቸርስ» ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ለንደናዊ «ቡቸርስ ስጠኝ» ቢል ሥጋ አልጠየቀም፤ እስኪ ልየው ማለቱ ነው። «ሎፍህን ተጠቀምበት» የሚለውም እንዲሁ ነው። «ሎፍ ኦፍ ብሬድ»፣ ሙልሙል ዳቦ፣ «ሄድ» ከሚለው ቃል ጋር ቤት ይመታል፤ ሄድ ራስ ነው፤ ብሬድ ሲቆረጥ ሎፍ ይቀራል፤ ትርጉሙ ጭንቅላትህን አሠራው ነው። ቁልፉ ተጥሎ በሩ ብቻ የቆመ ቃል ስለሆነ፣ ሰምና ወርቅ መፍታት የለመደ አማርኛ ተናጋሪም ቢሆን ከሌላ ሰው ካልሰማ በቀር ብቻውን አይፈታውም።

ወታደሮች ደግሞ ቃልን ከሄዱበት አገር ይዘው ይመለሳሉ። ሕንድ ውስጥ በኡርዱ «ቪላያቲ» ማለት የባዕድ፣ በተለይም የአውሮፓ የሆነ ማለት ነው። እዚያ የሰፈሩት የእንግሊዝ ወታደሮች ቃሉን «ብላይቲ» ብለው አጣመሙትና ለገዛ አገራቸው ስም አደረጉት። ለሕንዳዊው ባዕድ አገር የሆነው ለእነርሱ የናፈቁት ቤት ሆነ ማለት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ «የብላይቲ ቁስል» የሚባል ነገር ነበር፤ ለሞት የማያደርስ፣ ግን ከምሽግ አውጥቶ ወደ እንግሊዝ ለማስመለስ የሚበቃ ቁስል። ወታደሩ እንዲህ ያለውን ቁስል ይመኘው ነበር። ጦርነቱን ላላየ ትውልድ ይህ ሁሉ ጭነት ጠፍቶ ብላይቲ ዛሬ በቀልድ «ውድ አገራችን እንግሊዝ» ከማለት አያልፍም።

ዝቅ ብሎ የጀመረ ሁሉ ዝቅ ብሎ አይቀርም። የእንግሊዝኛ ጠበቃ ነኝ ይል የነበረው ደራሲ ጆናታን ስዊፍት በ1710 በጻፈው ጽሑፍ በጊዜው ወጣቶች አፍ የገቡትን አዳዲስ ቃላት አምርሮ ወቀሰ። ከጠላቸው መካከል «ሞብ» እና «ባንተር» ይገኛሉ። ሞብ፣ ተለዋዋጭ ሕዝብ ከሚለው የላቲን ሐረግ ተቆርጦ የቀረ ነው፤ የተቆጣ መንጋ ሕዝብ ማለት ነው። ባንተር በቀልድ መነቋቆር ነው። ስዊፍት ሁለቱን ለማስቆም ለዓመታት ያለውን ሁሉ እንዳደረገ፣ ነገር ግን በሰው ብዛት እንደተሸነፈ ራሱ ጽፏል። ሞብን ለማገድ ተነሥቶ በሞብ መሸነፍ ይሉታል ይህን ነው። ዛሬ ሁለቱንም ቃላት የትኛውም ጋዜጣ ያለ ኀፍረት ያትማቸዋል።

ከሁሉ ረጅም መንገድ የተጓዘው ግን «ጋይ» ይመስለኛል። በኅዳር 1605 ጋይ ፎክስ የተባለ ሰው ከእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ሥር 36 በርሜል ባሩድ ይዞ ተገኘ። ንጉሡንና ምክር ቤቱን በአንድ ላይ ለማጋየት የተጠነሰሰው ሴራ ከሸፈ፤ ፎክስም በጥር 1606 በሞት ተቀጣ። ከዚያ ወዲህ ኅዳር 5 በመጣ ቁጥር እንግሊዞች እሳት ያነዳሉ፤ በአሮጌ ልብስና በጭድ የተሠራ ምስሉንም ያቃጥላሉ። ልጆች ምስሉን በየመንገዱ እየጎተቱ «ለጋይ አንድ ፔኒ» እያሉ ሳንቲም ይለምኑ ነበር። ምስሉ ቡትቶ የለበሰ ስለነበር በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን «ጋይ» አለባበሱ የሚያስቅ ሰው ሁሉ ስም ሆነ። ውቅያኖስ ሲሻገር ስድቡ ተራገፈለት፤ በአሜሪካ ማንኛውም ሰውዬ ጋይ ተባለ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን በብዙ ቁጥር ሲነገር ሴቶችንም አጠቃለለ፤ ዛሬ አንዲት የሬስቶራንት አስተናጋጅ አራት ሴቶች ወደተቀመጡበት ጠረጴዛ ቀርባ «ጋይስ» ብላ ትእዛዝ ብትቀበል ማንም ቀና ብሎ አያያትም። በሞት የተቀጣ ሴረኛ ስም በአራት መቶ ዓመት ውስጥ «እናንተ» ወደሚል ተውላጠ ስም ተጠጋ።

«ኦኬ»ም የተወለደው በቀልድ ነው። በ1830ዎቹ መጨረሻ የቦስተን ጋዜጠኞች ሐረጎችን ማሳጠር ፋሽን አድርገውት ነበር፤ ቀልዱ እንዲከብድም መጀመሪያ ፊደሉን ሆን ብለው ያሳስቱታል። «ሁሉም ትክክል» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ በትክክለኛው አጻጻፍ በኤ እና በሲ ይጀምራል፤ እነርሱ በኦ እና በኬ ጀመሩት። መጋቢት 23 ቀን 1839 በቦስተን ሞርኒንግ ፖስት ታትሞ ወጣ። በዚያ ፋሽን የተፈጠሩት ሌሎቹ ምህጻረ ቃላት በአብዛኛው ሲጠፉ ይህኛው ዕድል ገጠመው፤ በ1840 ለሁለተኛ ጊዜ ለፕሬዝዳንትነት የተወዳደረው ማርቲን ቫን ቢዩረን የትውልድ ከተማው ኪንደርሁክ ስለነበረች ደጋፊዎቹ «ኦልድ ኪንደርሁክ»፣ በአጭሩ ኦኬ፣ እያሉ ቀሰቀሱለት። ሰውዬው ምርጫውን ተሸነፈ። ቃሉ አሸነፈ። ስለ ኦኬ አመጣጥ ብዙ ተረት ሲወራ ኖሮ፣ በ1960ዎቹ የቋንቋ ሊቁ አለን ዎከር ሪድ የቆዩ ጋዜጦችን አገላብጦ ጉዳዩን ዘጋው።

አሁን ወደ ዋናው ምንጭ እንምጣ። ላለፉት መቶ ዓመታት ዓለም «የእንግሊዝኛ ስላንግ» ብሎ ከተቀበለው ውስጥ እጅግ ብዙው ከጥቁር አሜሪካውያን አፍ የወጣ ነው። «ኩል» ብሎ ማድነቅን ከሁሉ አብልጦ ያስለመደው የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቹ ሌስተር ያንግ እንደሆነ ይነገርለታል። ቃሉ ቀዝቃዛ ማለት ነው፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ለነበረ ጥቁር ሙዚቀኛ በመድረክ ላይም ሆነ በፖሊስ ፊት አለመንቦግቦግ፣ ንዴትን አምቆ ፊትን አለማጥቆር፣ ራስን የመጠበቂያ ጥበብ ነበር። ካብ ካሎዌይ የተባለው የባንድ መሪ በ1938 በኒውዮርክ የጥቁሮች ሰፈር በሃርለም የነበሩትን ሙዚቀኞች አነጋገር በመዝገበ ቃላት መልክ አሳትሞ ለሕዝብ አቀረበ፤ የምስጢሩ በር የተከፈተው በከፊል በገዛ ቤተኞቹ እጅ ነው ማለት ይቻላል።

«ግሩቪ»ም ከዚያው ከጃዝ ሰፈር ወጣ። ግሩቭ የሸክላ ዘፈን መርፌ የሚሄድበት ቦይ ነው፤ ሙዚቀኛው ቦዩ ውስጥ ገባ ማለት ጨዋታው ሠመረለት ማለት ነው። በ1960ዎቹ ፀጉራቸውን ያሳደጉ ነጭ ወጣቶች ያዙትና የትውልዳቸው ዓርማ አደረጉት። ያ ትውልድ ሲያረጅ ቃሉም አብሮ አረጀ፤ ዛሬ ግሩቪ የሚል ሰው ወይ ያን ዘመን ለማሾፍ ነው ወይ ራሱ ከዚያ ዘመን ነው። ኩል ግን አልሞተም። በእኔ ግምት ምክንያቱ ቃሉ የአንድ ወቅት ልብስ ሳይለብስ መቅረቱ ነው፤ ሁሉም ስለተበደረው የማንም መለያ አልሆነም።

ክፉውን ቃል ለበጎ መጠቀምም ከዚሁ ወገን በሰፊው የመጣ ልማድ ነው። «ባድ» መጥፎ ማለት ነው፤ በድምፅ ረዘም አድርገው ሲሉት ግን ግሩም ማለት ይሆናል። «ሲክ» በሽተኛ ማለት ሲሆን ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ ወጣቶች ዘንድ ድንቅ ማለት ሆኗል። አማርኛ ተናጋሪ በዚህ መደነቅ የለበትም፤ እኛም ፈጣን ልጅ ስናይ «ይህ ልጅ ሰይጣን ነው» ብለን በኩራት እናወራለን። ልዩነቱ የእኛ ሰይጣን ለአያትም ለልጅ ልጅም እኩል መሰማቱ ነው። የእንግሊዝኛው ሲክ ግን ዕድሜ ይለያል፤ ስልሳ ዓመት የሞላው አለቃ አዲስ ያሰናዳው ዕቅድ «ሲክ ነው» ቢባል ፊቱ ሊቀየር ይችላል።

የአንድ ቃልን ሙሉ ዕድሜ ከልደት እስከ መገለባበጥ ማየት ለሚፈልግ «ዎክ»ን የሚተካከል የለም። ነቅቶ መኖር ማለት ነው። ከቃሉ በፊት ሐሳቡ ነበር፤ የጥቁሮች ንቅናቄ መሪው ማርከስ ጋርቬይ በ1923 በወጣው የአባባሎቹ ስብስብ «ኢትዮጵያ ሆይ ንቂ! አፍሪካ ሆይ ንቂ!» ብሎ ነበር፤ እርሱና ወገኖቹ ኢትዮጵያ ሲሉ የጥቁርን ሕዝብ ሁሉ ይጠሩበት ስለነበር ጥሪው አዲስ አበባን ብቻ አይመለከትም። በ1931 በአላባማ ዘጠኝ ጥቁር ወጣቶች ሁለት ነጭ ሴቶችን ደፈሩ ተብለው በሐሰት ተከሰሱ። ሌድቤሊ የተባለው ዘፋኝ በ1938 ስለ እነርሱ የዘፈነውን ከጨረሰ በኋላ በዚያ የሚያልፉ ጥቁሮች ዓይናቸውን ገልጠው፣ ዎክ ሆነው እንዲጓዙ መከረ። እዚህ ላይ ቃሉ ፖለቲካ ሳይሆን የመንገድ ማስጠንቀቂያ ነው፦ ካልነቃህ ትገደላለህ።

በ1962 ደራሲው ዊልያም ሜልቪን ኬሊ በኒውዮርክ ታይምስ ስለዚሁ አነጋገር ጽሑፍ አወጣ፤ ዎክም በርእሱ ላይ ነበረ። ኬሊ ያስተዋለው ነገር የዚህን ሁሉ ጉዳይ ልብ ይነካል። ነጮች አንድን የጥቁሮች ቃል ሲለምዱት፣ ባለቤቶቹ ወይ ይተዉታል ወይ ትርጉሙን ይገለብጡታል አለ። ቃሉ አጥር ነበረ፤ አጥሩ ሲዘለል አዲስ አጥር ይታጠራል። ዎክ ራሱ ይህ ዕጣ የደረሰው ዘግይቶ ነው። በ2014 ፈርጉሰን በተባለች የአሜሪካ ከተማ ውስጥ አንድ ጥቁር ወጣት በፖሊስ ከተገደለ በኋላ በተቃውሞው መፈክርነት አገር ለአገር ዞረ፣ በ2017 የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አስገባው። ወዲያው ተቃዋሚዎቹ ያዙትና ስድብ አደረጉት፤ በ2022 በፍሎሪዳ በዚህ ስም የተጠራ ሕግ ወጣ፤ ዓላማውም የዎክን አስተሳሰብ ከትምህርት ቤትና ከሥራ ቦታ ማስወገድ ነበር። ዛሬ ራሱን ዎክ ነኝ የሚል ሰው ጥቂት ነው፤ ዎክ ነህ የሚለው ግን ብዙ ነው። አንድ ጽሑፍ ውስጥ ቃሉ ሲገኝ የተጻፈበትን ዓመትና ጸሐፊውን ሳያዩ መተርጎም ሌድቤሊን ከፍሎሪዳ ፖለቲከኛ ጋር ያምታታል።

ስደትም ቃል ያመጣል። ከ1948 ጀምሮ ከካሪቢያን ወደ እንግሊዝ የገቡት ቤተሰቦች ልጆች የለንደንን ወጣት አነጋገር ለውጠውታል፤ «ዋግዋን» የሚለው ሰላምታ «ምን አለ?» ከሚለው የጃማይካ አነጋገር የመጣ ነው። በለንደንና በቶሮንቶ ደግሞ «ወላሂ» የሚለው መሐላ ሶማሌ ባልሆኑና ሙስሊም ባልሆኑ ወጣቶች አፍ ሳይቀር ይሰማል፤ ለማስፋፋቱ የሶማሌ ልጆች ድርሻ ትልቅ ነው። ለእኛ የቤት ቃል የሆነው እዚያ የመንገድ ቃል ሆነ።

በኢንተርኔት ዘመን የተለወጠው ፍጥነቱ ነው። ኦኬን ቴሌግራፍና ባቡር አድርሰውት ነበር፤ «ሪዝ»ን ግን ካይ ሴናት የተባለው የቀጥታ ሥርጭት አቅራቢና ጓደኞቹ አዘወተሩት፣ በ2023 የኦክስፎርድ የዓመቱ ቃል ሆነ። ትርጉሙ ሰውን፣ በተለይም በፍቅር ጉዳይ፣ የመማረክ ችሎታ ነው፤ ካሪዝማ ከሚለው ቃል መካከሉ ተወስዶ የተሠራ ነው። ካሪዝማ ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ መንፈስ ቅዱስ ስጦታዎች ሲጽፍ የተጠቀመበት የግሪክ ቃል መሆኑን ስናስብ፣ የጸጋ ስጦታ ወደ ልጃገረድ ማሽኮርመሚያ መውረዱ ፈገግ ያሰኛል። በ2025 ደግሞ ዲክሽነሪ ዶት ኮም የመረጠው የዓመቱ ቃል «ስድስት ሰባት» ነው። ተማሪዎች መምህር ገጽ 67ን ግለጡ ሲል በአንድ ድምፅ ይጮኹበታል። ትርጉም የለውም። በሜሪላንድ ወይም በቶሮንቶ ልጆቹን የሚያሳድግ አባት ደጋግሞ ቢጠይቅ ልጁ የሚያስረዳው ነገር ስለሌለ እንጂ ሊደብቀው ፈልጎ አይደለም። ትርጉሙ ተጠርጎ የቡድን ምልክትነቱ ብቻ የቀረ ቃል ነው፤ ከሃርማን ሌቦች ቃላት ጋር ሲነጻጸር ያነሰ ብልሃት ቢኖረውም ሥራው ግን ያው ነው።

ከፊልምና ከዘፈን እንግሊዝኛ ለሚማር ሰው ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ነገር፣ መረዳትንና መናገርን ለይቶ መያዝ ነው። መረዳቱ በሰፋ ቁጥር ይጠቅማል። በንግግር ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር የ1960ዎቹን ግሩቪ ከ2023ቱ ሪዝ ጋር ያዋሐደ ሰው ሁለቱንም ትውልድ ያስቃል፤ ለሥራ ማመልከቻ ደግሞ ከኦኬ በቀር ከላይ ከተጠቀሱት አብዛኞቹ አይመጥኑም፣ ኦኬም ቢሆን ባይገባ ይመረጣል። ያልታወቀ ቃል ሲገጥም ከ1999 ጀምሮ ያለው ኧርባን ዲክሽነሪ አለ፤ ማንም ሰው ትርጉም መጻፍ ስለሚችልበት ፌዝና እውነቱ ተደባልቆ ይገኛል፣ እያንዳንዱ ትርጉም የተጻፈበትን ቀን ግን ያሳያል፤ ቀኑን ማየት አይዘንጋ። የቃሉን ታሪክ ለሚሻ ጆናቶን ግሪን ያዘጋጀው ትልቁ የስላንግ መዝገበ ቃላት በኢንተርኔት በነፃ ይነበባል፤ ለእያንዳንዱ ትርጉም ቃሉ በጽሑፍ የተገኘባቸውን ዓመቶች ከነምሳሌዎቻቸው በተርታ ስለሚያስቀምጥ፣ በቤዝቦል ተመልካችና በልጅ ልጁ መካከል ያለውን ዓይነት ልዩነት በአንድ ገጽ ማየት ይቻላል።